ከቀዩ በርሜል ወዲያ

በዚያን ጊዜ በበሰቃ ዳርቻ የሚኖር፣ ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ ሰው ሁሉ ከሲታ ነበር። ምግብ ጠፍቶ አልነበረም። ወጥ ቤቱ ሁሉ በሰዓቱ ያበስላል፣ ያሞቃል፣ ከዚያም በለስላሳ ድምፅ «ምሳ ይበላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። በደንብ ያደገ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያ ጥያቄ የሚመልሰው «ኧረ አሁን ቀማምሻለሁ፣ ይቅርብኝ» ብሎ ነው። ወጥ ቤቱም «ተመዝግቧል» ይልና ሳህኑን ወደ ውስጥ ስቦ ይዘጋል። እስከ ራት ድረስ ቢያንኳኩት አይከፍትም። ወጣቶቹ ይህ ችግር የለባቸውም። ከፈለጉ «አዎ»፣ ካልፈለጉ «አልፈልግም» ይላሉ፤ በልተው ይሄዳሉ። «በሞቴ» የሚባል ነገር እንደነበረ የሚሰሙት ከአያቶቻቸው ነው።

በየቤቱ፣ በየበሩ፣ በየታክሲውና በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው ድምፅ አንድ ነው፤ ሰዉ «ጠያቂው» ይለዋል። ሕጉ አጭር ነው፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ሲወጣ የታሰበው ሕዝቡን ከጭቅጭቅ ለማሳረፍ ነበር፤ እውነትም አሳርፏል። ትልቅ ጉዳይ ሆኖ አንዴ እምቢ የተባለ እንደሆነ በጠየቀው ሰው በኩል ለሰባት ዓመት ዳግም አይነሣም። ጠያቂው የግድ ቃል ካልሰማሁ አይልም፤ ራስ ከተነቀነቀም ይበቃዋል። አንድ ጡረተኛ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት ራሱን ነቅነቅ ቢያደርግ የነቃው ድሬዳዋ ነው።

ለአዛውንቱ ታስቦ ቀበሌው «የእሺ ትምህርት» ከፍቶ ነበር። ሽማግሌና አሮጊት ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ጠያቂው ሻይ ሲያቀርብላቸው ሳያቅማሙ «እሺ» ማለትን ይለማመዳሉ። ኢዮስያስ ትምህርቱን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አሠርቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏል። ጓደኛው ያብስራም ጎበዝ ተማሪ ነበር። በምረቃው ቀን ስሙ ተጠርቶ ወጣና ጠያቂው «የምስክር ወረቀትዎን ይቀበላሉ?» ሲለው ግን «ኧረ እኔ ምን አውቄ! ከኔ የሚሻሉ ሞልተው!» አለ። ወረቀቱ ወደመጣበት ተመለሰ።

ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው። አሁን ውሃ በዋጠው መንደር አንድ አጥር ተጋርተው አድገዋል። ኢዮስያስ ዕድሜውን የፈጀው በመንገድ ሥራ ነው። ሐይቁ ወደ አስፋልቱ ሲመጣ እሱ አስፋልቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሐይቁ ይከተለዋል፤ እሱም እንደገና ከፍ ያደርጋል። በመጨረሻ ሐይቁ አሸነፈና ኢዮስያስ ጡረታ ወጣ። ያብስራ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ የሐይቁን ካርታ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እያሰፋ ሲሥል ኖሯል። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ በዚያ ሐሩር እንኳ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ አንድ ልጁን አመለወርቅን ብቻውን አሳድጓል። ያኔ የድሮ ስም ፋሽን ሆኖ ተመልሶ ስለነበር ወጣቱ ሁሉ ደምሰው፣ አመለወርቅ፣ ይርገዱ ነው የሚባለው። ያብስራና ኢዮስያስ የሽማግሌ ስም ሆኖ ቀርቷል።

ነገሩ የመጣው የኢዮስያስ ልጅ ደምሰው «አመለወርቅን ላገባ ነው» ባለ ጊዜ ነው። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሄደው ተመዝግበው መምጣት ይችሉ ነበር። አመለወርቅ ግን «አባቴ በአፉ ሳይሰጠኝ ከቤት አልወጣም» አለች። ያስመሰግናታል። ችግሩ አባትየው ላይ ነው። የሴት አባት ሽማግሌ ሲመጣበት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ እሺ ካለ ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስልበታል። መጀመሪያ «ልጄ ገና ናት» ይላል። ሲመለሱ «ዘመድ ይማከር» ይላል። በሦስተኛው ትንሽ ይለመንና ይመርቃል። ያብስራ ይህን ወግ አንዲት ነገር ሳያጎድል የሚፈጽም፣ ምናልባትም በዚያ ዳርቻ የቀረ የመጨረሻው ሰው ነው። ጠያቂው እየሰማ አንዴ «ልጄ ገና ናት» ያለ እንደሆነ ደግሞ ልጆቹ ለሰባት ዓመት ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይኖራሉ።

ኢዮስያስ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ መላውን ያገኘው ወደቡ ላይ ነው። ሮባ የሚባል የከረዩ ሰው አንዲት አሮጌ የቤንዚን ጀልባ ነበረችው። በቅርስነት ስለተመዘገበች አንድ ብሎን እንኳ እንዲጨመርባት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ጠያቂ የላትም። ሐይቁ ላይ ደግሞ በቀይ በርሜሎች የተሰመረውን መስመር ካለፉ በኋላ ከዳር የሚሰማ ጆሮ የለም። ኢዮስያስ ያብስራን «ና ውሃ ላይ እንንሸራሸር» ብሎ ከበርሜሉ ወዲያ ይወስደዋል። እዚያ እስኪወጣለት እምቢ ይበል። እምቢታው ተሟጥጦ ሲያልቅ ወደ ወደቡ ይመለሳሉ፤ ልጆቹ በተገኙበት በጠያቂው ፊት አንዴ ይጠየቃል፣ አንዴ እሺ ይላል፣ አለቀ።

ይህን ለሚስቱ ለሶልያና ሲነግራት ጥሩ ነው አለችና፣ «አንተስ?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ምን?»

«አንተስ ምላስህን ታምነዋለህ ወይ?»

ኢዮስያስ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት በአገጩ አመለከታት።

ቅዳሜ ጧት ወደቡ ላይ ተገናኙ። ሰላምታው ብቻውን ረጅም ነበር፤ አጠገባቸው የቆሙ ወጣቶች የሞተ ሰው መኖሩን ጠረጠሩ። ሮባ ጀልባዋን ሲያዘጋጅ የነዳጅ መቅጃው በጠያቂው ድምፅ «ነዳጅ ይሙላልዎት?» አለ። ኢዮስያስ ዓይኑ ያብስራ ኮት ላይ ነበር፤ ሰውየው አዲስ ቁልፍ አስተክሎ መምጣቱ እየገረመው «ኧረ ያለው ይበቃናል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። መቅጃው «ተመዝግቧል» አለ። ኢዮስያስ የሆነ ሰው መልካም ሲመኝለት የሰማ መስሎት ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ።

«በል ግባ» አለ ያብስራን።

«ኧረ አንተ ቅደም።»

«እንዴት ተደርጎ? አንተ ቆመህ?»

«እኔ ከኋላህ አለሁ፣ ግባ እንጂ።»

«ስሞትልህ ግባ።»

«ኧረ እኔ ልሙት!»

ሮባ ገመዱን ይዞ እየቀያየረ አያቸው። «አባቶቼ፣ ጀልባዋ ድሮም አሮጌ ናት፤ ጭራሽ ልታስረጇት ነው» አላቸው። ያኔ አፈሩና ሁለቱም በአንድ ጊዜ እግራቸውን ሰነዘሩ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ዘመም ስትል ተቃቅፈው መካከሏ ላይ ዘፍ አሉ። ሮባ ገመዱን ወረወረላቸውና ቤቱ ገባ።

ሞተሩ ተነሣ። ጩኸቱ ከወደብ እስከ ፈንታሌ ተራራ ይሰማል፤ ሌሎቹ ጀልባዎች ድምፅ የላቸውም። የእነሱ ሥራ ተሳፋሪዎቻቸውን ትንሽ ማንሸራሸርና «ተዝናንተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አዎ የተባለው ወዲያው ወደ ዳር ይመልሳል። ብዙው ሰው ወንበሩን ሳያሞቅ ነበር የሚመለሰው።

ኢዮስያስ መሪውን ይዞ የጥቁሩን ድንጋይ ዳርቻ ተከትሎ ቀስ አለ። ነፋሱ ደስ ይላል። ያብስራ ኮቱን እንደቆለፈ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከውሃው የወጣ የኔትወርክ ምሰሶ ላይ የተኮለኮሉትን ወፎች ያያል። ትንሽ ቆይቶ ውሃውን በጣቱ አመለከተ።

«መናኸሪያው እዚህ ነበር።»

«የለም፣ መናኸሪያው ወደ ቀኝ ነው። ይሄ ወፍጮ ቤቱ ነው።»

«ወፍጮ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነበር እኮ፤ ረሳኸው?»

«ያብስራ፣ መንገዱን የሠራሁት እኔ ነኝ!»

«ካርታውን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ውሃው ጠራ ባለበት ቦታ የአስፋልቱ ነጭ መስመር ከታች ታየ። ሁለቱም ጎንበስ አሉ። «የመጨረሻው ያንተ መንገድ ነው?» አለ ያብስራ። «አዎ፤ ከሥሩ ሌሎች የኔ መንገዶች አሉ» አለ ኢዮስያስ፤ በዚህ መኩራትም ማዘንም ይገባው እንደሆነ አላወቀም። የአንድ የድሮ ሆቴል ጣሪያ ላይ አዞ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ያብስራ ሲያልፉ እጁን አነሣለት። ለሰላምታ መንፈግ አያውቅም፤ ለአዞም ቢሆን።

ቀዩን በርሜል አለፉ። ኢዮስያስ ትንሽ ከራቀ በኋላ ሞተሩን አጠፋና ሶልያና የሰጠችውን የምሳ ዕቃ ከፈተ። በገዛ እጇ የሠራችው የዶሮ ፍትፍት ነው፤ በላዩ ሦስት እንቁላል ተቀምጦበታል።

«ብላ።»

«ኧረ እኔ ጧት ጠግቤ ነው የወጣሁት።»

እዚህ ላይ ኢዮስያስ አንድ ነገር ልብ አለ። ያብስራ ይህን ብሎ አላቆመም፤ ይጠብቃል። ዓይኑ ምሳ ዕቃው ላይ፣ ጆሮው ኢዮስያስ ላይ ነው። የሚዘጋ በር የለም።

«በሞቴ ብላ!»

«ኧረ ክፉ አይንካህ፣ እውነቴን ነው።»

«አፈር ስሆን! ሶልያና ምን ትለኛለች? ያብስራ አልበላም ብዬ ልንገራት?»

«እንግዲህ ከሶልያና አታጣላኝ» አለና ያብስራ እጁን ታጠበ።

አበላሉን ያየ ሰው ጧት መጥገቡን አያምነውም። ኢዮስያስ አንዴ ሲያጎርሰው፣ እሱ ሲመልስ፣ ሌላ ሲለምነው፣ «በቃኝ» ሲል፣ በዚያው ሲበላ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ያብስራ አፉን ጠርጎ «ሰው ለምኖ ካበላኝ ስንት ጊዜዬ» አለ። ከዚያ ቶሎ ብሎ «ልጄ አለች እርግጥ፤ እሷ ትለምነኛለች» ሲል ጨመረ። ድምፁ ትንሽ ሰለለ። ኢዮስያስ አዘነለት፤ ግን ሐሳቡ ሌላ ጉዳይ ላይ ስለነበር አልፎት ሄደ።

አንዲት እንቁላል ቀርታለች። «ያንተ ናት» አለ አንዱ። «ያንተ ናት» አለ ሌላው። ማንም ሳይነካት ምሳ ዕቃው ተከደነ።

ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ያብስራ፣ ልጆቹ... ያው ሳታውቅ አትቀርም...»

ያብስራ ቀና አለ። በርሜሉን አየ፣ ጀልባዋን አየ፣ ኢዮስያስን አየ። «ለዚህ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኸኝ?»

«ለዚህ ነው። እዚህ እንደልብህ እምቢ በለኝ። ወደብ ላይ ግን አንዴ እሺ።»

ያብስራ ፊቱ በራ። እጁን ዘርግቶ የኢዮስያስን ትከሻ ያዘና «አንተ እኮ ሰው ነህ!» አለው። ወዲያው እጁን መለሰና ኮቱን አስተካከለ። ፊቱ የማያውቁት ሰው ፊት ሆነ። «ታዲያ እንደዚህ ተቀምጦ ልጅ አይጠየቅም። ተነሥና ጠይቅ።»

ኢዮስያስ ሞተሩን ተደግፎ ቆመ፤ ጀልባዋ ወዘወዘችው። ዘሩን ቆጥሮ፣ የልጁን ጠባይ አሞግሶ፣ «ልጅህን ለልጄ እንድትሰጠኝ ፈልጌ መጣሁ» አለ።

«ልጄ ገና ናት» አለ ያብስራ።

አመለወርቅ የሐይቁ የፓምፕ ጣቢያ ኃላፊ ናት፤ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ኢዮስያስ «እውነት ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ።

«በል እንግዲህ ሂድና ሌላ ቀን ተመለስ።»

«የት ልሂድ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ፤ እንግዳ እምቢ ተብሎ እዚያው አይቀመጥም።»

ኢዮስያስ እየተንገዳገደ ወደ ጀልባዋ ሌላ ጫፍ ሄደና ጀርባውን አዙሮ ተቀመጠ። ሌላ ቀን እስኪሆን ሲጠብቅ ነፋሱ መበርታቱን፣ ቀዩ በርሜልም ቅድም ከነበረበት መቅረቡን አየ። ነፋሱ ወደ ዳር እየገፋቸው ነው። ተነሥቶ ሞተሩን ቢያስነሣው አልነሣ አለ። ደገመው፤ አሁንም ዝም። ታንኩን ከፍቶ አየው፤ ደርቋል።

«ነዳጅ አላስሞላህም እንዴ?» አለ ያብስራ።

«ማን ጠየቀኝና?» አለ ኢዮስያስ። ከዚያ የመቅጃው ድምፅና ያመሰገነው ሰው ትዝ አሉት። ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

በዚህ መሐል አንድ ብርቱካናማ የነፍስ አድን ጀልባ፣ ሰው የሌለበት፣ ድምፅ ሳያሰማ እየተንሸራተተ መጣ። ኢዮስያስ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። «ስለ ልጆቹ አንዲት ቃል እንዳትናገር! ይሰማል!» ብሎ አንሾካሾከ። ጀልባው ጎናቸው ደርሶ ቆመ።

«ርዳታ ይፈልጋሉ?»

«ኧረ እኛ ምንም አንል፣ አትቸገሩ!» አለ ያብስራ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ። «እስከዚህ መድከማችሁ ራሱ!»

«ተመዝግቧል። ጥያቄው እስከ ነገ አይደገምም። መልካም ሽርሽር።»

ብርቱካናማው ጀልባ ዞሮ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች ከዓይናቸው እስኪሰወር ድረስ አዩት። «እኔ እኮ የሚለምነን መስሎኝ ነው» አለ ያብስራ።

ኢዮስያስ ለመናደድ ጊዜ አልነበረውም። በርሜሉ እየቀረበ ነው፤ ካለፉት በኋላ «ዘመድ ይማከር» የተባለ እንደሆነ ዳር ላይ ይመዘገባል። ተፈናጥሮ ያብስራ ፊት ቆመ። «መጥቻለሁ! ሌላ ቀን ሆኗል! ልጅህን ለልጄ ስጠኝ፤ በል ቶሎ እምቢ በለኝ!»

«እምቢታ በጥድፊያ አይሆንም» አለ ያብስራ። «ደግሞ ልጁን ቅድም እንዳሞገስከው አላሞገስከውም።»

«ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ባለሞያ ነው፣ አይጠጣም! ያብስራ፣ በርሜሉን እየው!»

ያብስራ በርሜሉን አየ። «እንግዲህ ዘመድ ይማከር። አጎቷ ጅጅጋ ነው ያለው፤ ሳይሰማ ይቀየመኛል።»

ኢዮስያስ በሩጫ ወደ ጫፉ ሄዶ፣ ቂጡን አስነክቶ፣ ተመልሶ መጣ። «አጎቷ ሰምቷል እንበል! ልጅህን ስጠኝ!»

የያብስራ ግን ያ የወግ ፊቱ ወርዶ የራሱ ፊት ተመልሷል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ውሃውን አየ፤ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«እስካሁን ያልኩህ የወግ ነው፣ ኢዮስ። ይሄኛው ግን እውነተኛ እምቢታ ነው።»

«ምነው? ደምሰው ምን አጠፋ?»

«ደምሰው ምን ያጠፋል፣ ወርቅ ልጅ ነው። እኔ ነኝ እንጂ። እሷ ከሄደች ማን ይለምነኛል? ቤቱ አንዴ ይጠይቀኛል፣ ይዘጋል። ምላሴን ለማረም ያልሞከርኩት የለም። መስታወት ፊት ቆሜ እሺ፣ እሺ፣ እሺ እላለሁ። 'ይበላሉ?' ሲባል ግን እናቴ አጠገቤ የቆመች ይመስለኛል፤ 'ይቅርብኝ' ብዬ አርፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ጦሜን ውዬ እሷን እጠብቃለሁ። ማታ መጥታ 'አባዬ በሞቴ' ትለኛለች፤ ያኔ እበላለሁ። ልጄን ለራት ብዬ ላስቀራት ነው፤ አያሳፍርም? ያሳፍራል። ግን ፈራሁ።»

ኢዮስያስ ሲያቅድ የከረመው ሁሉ ስለ ወግ ነበር፤ ይህን አንድም ቀን አላሰበውም። ሚስት ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አያስበውም። ጓደኛው አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ጀልባዋ ዘመመች፤ ሁለቱም አልተነቃነቁም።

«ከኔ በር ላይ ሆኖ ላየው ቤትህ ይታያል አይደል?» አለ።

«ይታያል።»

«በየቀኑ ምሳ ሰዓት እመጣለሁ። ወጥ ቤትህ ይጠይቅህ፣ አንተም እምቢ በለው፤ እሱን ተወው። ከሱ በኋላ እኔ እጠይቅሃለሁ። እምቢ ስትል እለምንሃለሁ። ከሶልያና ድስት ይዤ ነው የምመጣው።»

«ይሰለችሃል።»

«ሐይቅ ስታገል ኖሬ ያንተ እምቢታ ይሰለቸኛል? ከበዛብኝ ደግሞ ሶልያናን ራሷን አመጣብሃለሁ።»

ይሄኛው ያብስራን አስደነገጠው። ሶልያና ስትለምን ማንኪያውን አፍ ውስጥ ከትታ ነው። ሳቁ ሳያስበው አመለጠው፤ እየሳቀ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። «እንግዲያው ሰጥቼሃለሁ» አለ። «ይባረኩ። ወልደው ይሳሙ። ያንተም የኔም ስም በነሱ ይጠራ።» ኢዮስያስ አሜን ከማለቱ ጀልባዋ ቀዩን በርሜል ደንግ አድርጋ ገጭታ አለፈች።

ወደቡ ድረስ በመቀመጫው ጣውላ ቀዘፉ። አንዱ ሲቀዝፍ ሌላው «አምጣ እኔ ልቅዘፍ፣ አንተ ደክሞሃል» እያለ ጣውላውን ሲቀማው፣ መንገዱ እጥፍ ሆነ። በየመሐሉ ኢዮስያስ ድንገት «ልጅህን ትሰጣለህ?» ይላል፤ ያብስራ «እሺ» ይላል። አንዴ ብቻ «ልጄ ገ...» ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ። ፀሐይ ወደ ፈንታሌ ዘቅዘቅ ስትል ደረሱ።

ሶልያና፣ ደምሰውና አመለወርቅ ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። ማንም ጨዋታ አልጀመረም። ደምሰው ጉዳዩን አስቀድሞ ስላስመዘገበ፣ ሽማግሌዎቹ እግራቸው መሬት እንደነካ ከምሰሶው ላይ ድምፁ መጣ።

«ያብስራ፣ ልጅዎን አመለወርቅን ለደምሰው ይሰጣሉ?»

ያብስራ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ከንፈሩ «ል» ለማለት ሲዘጋጅ ሁሉም አዩት። አመለወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውየው ትንፋሹን ሳበ፣ ጉልበቱን አጠነከረ፣ «እሺ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ የተኙ ወፎችን ከምሰሶው ላይ አስነሣ።

ኢዮስያስ እንዲህ ያለ ጀግንነት አይቶ አያውቅም። ይህ ሰው፣ የምስክር ወረቀት እንኳ አልቀበልም ያለ ሰው፣ ለልጁ ብሎ የእናቱን አስተዳደግ ረገጠ። እንባው መጣ። ጠያቂው ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን ሁለተኛ ጥያቄ አወጣ።

«ኢዮስያስ፣ ለልጅዎ ይቀበላሉ?»

«ኧረ እኛ ለሷ መች እንመጥናለን!» አለ ኢዮስያስ እንባውን እየጠረገ። «ይሄ ለኛ ይበዛብናል!»

«ተመዝግቧል። ጋብቻው አልጸናም። በኢዮስያስ በኩል ለሰባት ዓመት አይጠየቅም።»

«አባዬ...» አለ ደምሰው። አመለወርቅ የጀልባ ማሰሪያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሶልያና ባሏን አየችው፤ እሱም ሳሎን ያለውን የምስክር ወረቀት ከነመስታወቱ አሰበና መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ያብስራ ጀርባውን ሰጥቷቸው ወደ ጀልባዋ ወረደ። ተቀይሞ የሚሄድ መሰላቸው። ምሳ ዕቃው ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ አንድ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ተመለሰና ኢዮስያስ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆሮው ቀልቷል። የሴት አባት ሆኖ ወንድ ልጅ ለመነ የተባለ ሰው በአባቶቹ ዘር አልነበረም፤ እሱ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

«በሱ በኩል ነው የተዘጋው» አለ። «እንግዲያው እኔ እጠይቃለሁ። ኢዮስያስ፣ ልጅህን ደምሰውን ለልጄ ስጠኝ። ለምኜሃለሁ።»

«ኢዮስያስ፣ ልጅዎን ደምሰውን ለአመለወርቅ...» ብሎ ጠያቂው ጀመረ።

ኢዮስያስ እሺ ለማለት ነበር ሐሳቡ፤ በልጁ ይምላል። ነገር ግን ልጁን የተጠየቀ አባት ሆኖ መቆሙን ምላሱ ከሱ በፊት ተረድቶ ነበር። አፉ ተከፈተ፤ «ልጄ ገ...» የሚለው ከጥርሱ ሊወጣ ሲል ያብስራ እጁን ከኪሱ መዘዘና ያቺን የቀረች እንቁላል ሳይቆርሳት ሙሉዋን አጎረሰው።

ጉርሻ አይተፋም። ይህን ኢዮስያስ ያውቃል። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጉንጩ ተነፋ። «...ይሰጣሉ?» አለ ጠያቂው። ኢዮስያስ ልጁን አየ፣ አመለወርቅን አየ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ተመዝግቧል። ጸንቷል» ከተባለም በኋላ፣ ሶልያና እልልታውን ካቀለጠችውም በኋላ፣ ልጆቹ ተቃቅፈው ሲያለቅሱም እሱ መነቅነቁን አላቆመም።

ሮባ ውሃ በጣሳ አመጣለት። እንቁላሏ በመከራ ወረደች። አምስቱም ዙሪያውን ቆመው ምን እንደሚል ይጠብቁ ነበር። ኢዮስያስ አፉን ጠረገ፣ ያብስራን ትከሻውን ይዞ ትክ ብሎ አየው፣ ከልቡ እያዘነም፦

«ምነው ያብስራ፣ አንተ ብትበላት ይሻል ነበር እኮ!» አለው።